ለዱቪ ወሬ አቀባይ ናቸው ተብለው የኖሩት የአቶ ዜሊግ ፕሎትኪን ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፣ እንዲሁም ከቀብር በኋላ የሚቀርበውን ምሳ አስባችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ እንደምን ዋላችሁ።

አሁን የሚነበበው የአቶ ዜሊግ ፕሎትኪን ዜና ሕይወት ነው። ረዘም ይላል፤ የሚረዝመውም በምክንያት ነው። ልጃቸው ስታንሊ ለአባቱ ቃዲሽ ሊያደርስ እንደ ሐዘን ሥርዓታችን ሸሚዙን ቀዶ እዚህ ቆሟል። ይህ የሐዘንተኛ ጸሎት ደግሞ አሥር አይሁዳውያን ወንዶች አብረው ካልቆሙ አይደረስም። ያሉት ዘጠኝ ናቸው። ረቢ ዋይስፊሽ ደጋግመው ቆጥረው፣ አንዴማ መቃብር ቆፋሪውን ጭምር በተስፋ ዓይን አይተው፣ ዘጠኝ ናቸው። እኛን ሴቶቹን ቢቆጥሩ አሥሩም ሞልቶ በተረፈ ነበር፤ ግን በዚህ ከተማ ሴት የምትቆጠረው ሳህን ሲታጠብ ነው። ከታች ከትልቁ ከተማ ይመጣሉ የተባሉት ሰዎች መንገዱ በበረዶ ተዘግቶብናል ብለው ደውለዋል። በረዶ ነው አሉ። ይሁን። ከበስተኋላቸው የሹካና የሳህን ድምፅ ይሰማ ነበር፣ ግን ይሁን። ስለዚህ ረቢው «አንብቢ፣ ግን አትቸኩይ፤ መንገዱ ይከፈት ይሆናል» ብለዋል። አንቸኩልም።

አቶ ዜሊግ ከአባታቸው ከአቶ ሜየር ፕሎትኪንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጊትል እዚሁ ብራስ ክሪክ፣ ከጫማ መደብሩ በላይ ባለችው ክፍል ተወለዱ። እናታቸው «ልጄ የተወለደው በፑሪም በዓል ነው» ይሉ ነበር፤ አባታቸው ደግሞ «ከፑሪም በኋላ ነው፤ ሁለት ድግስ በአንድ ኬክ ለመገላገል ብለሽ ነው ያስጠጋሽው» ይሏቸው ነበር። ክርክሩ ሁለቱም እስኪያርፉ ድረስ አልተቋጨም። እንግዲህ አቶ ዜሊግ ገና ሲወለዱ ጀምሮ ጥርጣሬ ያልተለያቸው ሰው ናቸው ማለት ነው።

ለትምህርት ሲደርሱ በትምህርት ቤቱ የነበሩት አይሁዳውያን ልጆች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውና የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው ልጅ አቶ ኢርቪን ግሉክማን። የገና ትርኢት ሲመጣ መምህሯ ሁለቱን ምን እንደምታደርጋቸው ጨነቃትና በግ አደረገቻቸው። በዓመቱም በግ፣ በዓመቱም በግ። አቶ ኢርቪን አንድ ዓመት «ዘንድሮ እንኳ ግመል ልሁን» ብለው ቢለምኑ ግመሉ የከንቲባው ልጅ ነው ተባሉና ተመልሰው በግ ሆኑ። ወይዘሮ ጊትል ለምሳ የሚቋጥሩላቸው የበሬ ምላስ በዳቦ ነበር፤ ልጆቹም ከበዋቸው «ዜሊግ፣ ምላሱ ዛሬ ምን ነገረህ?» እያሉ ሲያሾፉባቸው፣ አቶ ኢርቪን ቀድመው ይደባደባሉ፣ አቶ ዜሊግ ቀድመው ይሮጣሉ፤ ሁለቱም ግን አብረው ይቀጣሉ። ወዳጅነታቸው እንዲህ ጀመረ።

ትምህርታቸውን ከጨረሱ በኋላ አቶ ዜሊግ የአባታቸውን መደብር ተረክበው መጀመሪያ ለማዕድን ቆፋሪው፣ ማዕድኑ ሲዘጋም ለበረዶ ተንሸራታቹ ቦት ጫማ ሲሸጡና ሲያድሱ ኖሩ። አቶ ኢርቪን ከግድግዳው ወዲያ ምስማርና ማጠፊያ ይሸጡ ነበር። ግድግዳው ቀጭን ስለነበር አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይላል። እሑድ እሑድ ወንዝ ወርደው ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ይያዝ አይያዝ ምስክር የለም፤ ሁለቱም ያዝን ነው የሚሉት።

ወይዘሮ ብሉማ አክስታቸውን ሊጠይቁ ወደዚህ ከተማ የመጡት የተነቀለ የጫማ ተረከዝ በእጃቸው ይዘው ነው። አቶ ዜሊግ የማንንም ተረከዝ አንድ ሲጋራ ተጭሶ እስኪያልቅ ባለው ጊዜ ውስጥ ይመቱ የነበሩ ሰው፣ ያን ተረከዝ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሲመቱት ዋሉ። ከግድግዳው ወዲያ አቶ ኢርቪን «ምንድን ነው የምትሠራው፣ ድልድይ ነው?» እያሉ ይጮሁ ነበር። ተጋቡ። ሚዜውም አቶ ኢርቪን ነበሩ። ጥቂት ቆይቶ ስታንሊ ተወለደ፤ ከነጆሮው። ጆሮህን አትሸፍን ስታንሊ፣ ሁሉም ያውቀዋል። ነፋስ በሚነሳበት ቀን እናቱ እጁን አጥብቀው ይይዙት የነበረው ለፍቅር ብቻ አልነበረም። ጥርሱ ላይ ደግሞ ሽቦ ታስሮለት ነበር፤ ስታንሊ ሲስቅ የፀሐዩ ነጸብራቅ ሾፌር ያሳስታል ይባል ነበር።

እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርን። ከዚያ ዱቪ መጣ።

ዱቪን የማታውቁት አትኖሩም። በዚያ ረቡዕ ረቡዕ በሚታየው የአዋቂዎች ካርቱን ውስጥ ያለው አይሁዳዊ ልጅ ነው። ጆሮው ትልቅ፣ ጥርሱ ሽቦ፣ በበረዶ በተሸፈነች ትንሽ የተራራ ከተማ የሚኖር፣ ጓደኞቹ ሁሉ ገናን ሲያከብሩ፣ ያን ዕለት ሌላ ክፍት ቤት የለምና ብቻውን የቻይና ምግብ ቤት የሚቀመጥ፣ እናቱ ስትጣራው የመስኮት መስታወት የሚሰነጠቅ። ካርቱን ስለሆነ የልጅ እንዳይመስላችሁ፤ ስድቡ ብቻ ከወንበር ያስነሳል። መጀመሪያ አካባቢ «ደስ ይላል፣ እኛም ቴሌቪዥን ላይ ወጣን» ብለን ሳቅን። ስታንሊ ግን በዚያን ጊዜ አድጎ ቴሌቪዥኑ ሁሉ የሚሠራበት ሎስ አንጀለስ ገብቶ የአየር ማቀዝቀዣ ይገጥም ነበርና፣ አንዳንዱ ሰው የስታንሊን ጆሮ እያስታወሰ ሳቁን መቁረጥ ጀመረ።

አንድ ረቡዕ የዱቪ ረቢ በገዛ ስብከቱ መካከል እንቅልፍ ወሰደው። ረቢ ዋይስፊሽ ያን ያደረጉት ገና በዚያው ሰሞን ነበር፤ «ሦስተኛው ነጥብ» ብለው ተኝተው «አሜን» ብለው ነው የነቁት። በሚቀጥለው ረቡዕ የዱቪ እናት የጋገረችው ፍርምባ አልቆረጥ ብሎ የእሳት አደጋ ሰዎች የመኪና ጎማ ደገፉበት። ወይዘሮ ብሉማ ከወንበራቸው ተነስተው «ይሄ የኔ ፍርምባ ነው! መልኩን አውቀዋለሁ!» አሉ። በሚቀጥለው ደግሞ ሁለት ሽማግሌዎች በምኩራብ ውስጥ ከማሞቂያው አጠገብ ላለችው ወንበር በጸሎት መጽሐፍ ተደባደቡ። እነዚያ ሽማግሌዎች እነማን እንደሆኑ አሁን አንናገርም፤ አንዱ እዚህ ቆመዋል፣ ባርኔጣቸውንም ዝቅ አድርገዋል።

ከዚያ በኋላ በምኩራባችን ሰው ማውራት አቆመ። «እንደምን አደርክ?» ሲባል «ለምን ፈለግከው?» የሚል መልስ ይሰጥ ጀመር። ያስነጠሰ ሰው ዙሪያውን ያያል። አንዲት ሴት እቤቷ ተቀምጣ ባሏን ስትሰድበው እንኳ መጋረጃ ዘግታ፣ ውኃ ከፍታ ነበር።

አቶ ኢርቪን የምኩራቡ ሊቀ መንበር ነበሩና ወሬ አቀባዩን እኔ እይዘዋለሁ ብለው ተነሱ። ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ውሸት ነገሩ። ለረቢው «ስጨፍር ወገቤ ተቀጨ» አሏቸው፤ ለወይዘሮ ብሉማ «ቅንድቤን በጫማ ቀለም ነው የማጠቁረው» አሏቸው፤ ለመድኃኒት ሻጩ የሚነገር የማይነገር ነገሩት። ከዚያ ረቡዕ ረቡዕ እጃቸውን አጣጥፈው ቴሌቪዥኑ ፊት ይጠብቃሉ። አንዱም ውሸት አልወጣም። ለአቶ ዜሊግ ግን የነገሯቸው ውሸት አልነበረም። ወንዝ ዳር ተቀምጠው፣ ልባቸው ተሰብሮ እውነቱን ነበር የነገሯቸው፤ ፊኒክስ ከተማ ለልጅ ልጃቸው ግርዛት ሄደው፣ ሕፃኑን ታቅፈው፣ ቢላዋውን ሲያዩ ዓይናቸው ዞሮ፣ ሕፃኑን ሰው ቀለብ አድርጎላቸው፣ እሳቸው በግንባራቸው የኮመጠጠው ዓሣ ትሪ ውስጥ ወደቁ። ሽንኩርት ከጆሯቸው ወጣ። «ለማንም አታውራ» አሉ። አቶ ዜሊግም «ለማን?» አሉ።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ፣ ረቡዕ ቀን፣ የዱቪ አጎት በግርዛት ላይ ተዝለፍልፎ ዓሣ ትሪ ውስጥ ወደቀ። ሽንኩርቱም ነበረ።

በማግሥቱ አቶ ኢርቪን ከግድግዳው ወዲያ መጮሁን ትተው በጫማ መደብሩ በር ገቡ።

«ለስታንሊ ነገርከው?»

«ለማንም አልነገርኩም።»

«ስታንሊ እዚያ ምንድን ነው የሚሠራው?»

«ማቀዝቀዣ ይገጥማል።»

«ለማን?»

«ለሞቀው ሰው ሁሉ።»

«ለቴሌቪዥን ሰዎችስ?»

«እነሱም ይሞቃቸዋል መሰለኝ።»

«ይኸው! አመነ!» አሉ አቶ ኢርቪን፤ መደብሩ ውስጥ ለነበረችው ብቸኛ ደንበኛ፣ አንድ እግሯ ባዶ ለሆነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አልተነጋገሩም። ቢሆንም አሥር ሰው ለመሙላት ሁለቱም ያስፈልጋሉና ምኩራብ አብረው ይቀመጡ ነበር። አቶ ኢርቪን «ረቢ፣ እዚያ ለተቀመጠው ሰውዬ መስኮቱን ዝጋ ይበሉልኝ» ይላሉ። አቶ ዜሊግ «ረቢ፣ ሊቀ መንበሩ እጅ የላቸውም ወይ ይበሉልኝ» ይላሉ። ረቢው ስብከታቸውን አቋርጠው መስኮቱን ሄደው ይዘጋሉ። አንዳንዴ ሲመለሱ የት እንደደረሱ ይጠፋባቸዋል፤ ይህም ለሁላችን ጥቅም ነበረው።

እውነቱን ለመናገር አቶ ዜሊግም መጠርጠር ጀምረው ነበር። ራሳቸው አልተናገሩም፤ ታዲያ ማን ተናገረ? ወይዘሮ ብሉማ ከስታንሊ ጋር በስልክ ሲያወሩ አቶ ዜሊግ በር ሥር ቆመው ሲያዳምጡ ተያዙ።

«ምን ታደርጋለህ እዚያ?»

«የበሩን ማጠፊያ እያየሁ ነው።»

«እኔን ነው የምትጠረጥረው? ኢርቪን ዓሣ ውስጥ መውደቁን ከቴሌቪዥን ነው የሰማሁት! ስንት ዓመት አብሬህ ስኖር አንድ ወሬ ነግረኸኝ ታውቃለህ? ጎረቤት መሞቱን እንኳ ከጎረቤት ነው የምሰማው!»

አቶ ዜሊግ ይህ እውነት መሆኑን አስበው ከበሩ ሥር ሄዱ።

በኋላ የእህታቸው ልጅ ክሊቭላንድ ከተማ ስታገባ ሄዱ። በሠርጉ ላይ ያስቀመጧቸው ገበታ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ተኳርፏል። አንዱ ወደ ኩሽና፣ ሌላው ወደ ጣሪያ ያያል። ቀስ ብለው ጠየቁ። «እዚያ ያለው አዛውንት የምኩራባችን ዘማሪ ነው» አለቻቸው አጠገባቸው ያለች ሴትዮ። «በግርዛት ላይ ተዝለፍልፎ ዓሣ ውስጥ ወደቀ። ከመካከላችን አንዱ ለዚያ ለዱቪ ፕሮግራም ነገረበት። ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ ጥርስ ሐኪሙ ነው፤ እናም አናነጋግረውም።» ባሏም ቀበል አድርጎ «ረቢያችን ደግሞ ስብከት ላይ ተኝቶ ነበር» አለ። ከባልቲሞር የመጣ እንግዳ ደግሞ ሹካውን አስቀምጦ «ቆይ፣ ቆይ፣ ያ የእኛ ረቢ ነው» አለ።

አቶ ዜሊግ ኬኩን ሳይጠብቁ ተነሱ። እሳቸውን ለምታውቁ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ግልጽ ነው። ወዲያው ተመልሰው፣ ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ፣ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በአቶ ኢርቪን በር ገቡ።

«ኢርቪን! ክሊቭላንድም አንዱ ዓሣ ውስጥ ወድቋል!»

አቶ ኢርቪን የያዙትን ምስማር አስቀመጡ። «ክሊቭላንድ ድረስ አወራኸው ማለት ነው» አሉ።

በዚያው ሳምንት አቶ ኢርቪን ምኩራባችንን ትተው ወጡ። ቤታቸው እዚሁ ሆኖ፣ ቁልቁል ወርደው በትልቁ ከተማ ምኩራብ መጸለይ ጀመሩ። እኛም ዘጠኝ ሆነን ቀረን። አቶ ዜሊግ በእናታቸው የሙት ዓመት ቃዲሽ ለማድረስ ወደዚያው ምኩራብ ቢወርዱ፣ አቶ ኢርቪን ከሩቅ አይተዋቸው አጠገባቸው ላለው ሰው «ካፖርቱን ፈትሹት፣ ካሜራ ይኖራል» አሉ። ፈተሹት። የተገኘው አንድ ብርቱካን ነበር።

አቶ ዜሊግ ባለፈው ዓመት ሳንባቸው ታመመና ሆስፒታል ገቡ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ነገር አለ፤ እስከዚያን ቀን ድረስ ዱቪን አንድም ቀን አይተውት አያውቁም ነበር። ስሙ ያስጠላቸው ነበር። በሆስፒታሉ ግን አጠገባቸው የተኛው ሰው ረቡዕ ሲደርስ ከፈተው፤ መጋረጃውም አልዘጋ አለና አዩ። ወይዘሮ ብሉማ ሲገቡ ባላቸው ሳልና ሳቅ ተደባልቆባቸው አገኟቸው።

«ሰዎቹ አብደዋል እንዴ?» አሉ አቶ ዜሊግ። «ይሄ ልጅ ስታንሊን የት ነው የሚመስለው? ጆሮውን ብቻ ነው ያዩት። ቁጣውን እዪ! ሁሉን ሰው ይጠረጥራል፣ ቀድሞ ይደባደባል፣ ተሳስቶም አልተሳሳትኩም ይላል። ይሄ ኢርቪን ነው። በግ ሆኖ ግመል ልሁን ይል የነበረው።» ከዚያም «ያ ጓደኛው ግን መምጣት ነበረበት። የቻይና ምግብ ቤት ውስጥ ብቻውን አስቀመጡት እኮ» አሉ። ከዚያ በኋላ ረቡዕ ረቡዕ አላመለጣቸውም።

ባለፈው ማክሰኞ አረፉ። ወይዘሮ ብሉማ ለረቢው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ያለ ቃዲሽ አላስቀብረውም።»

አሁን እንግዲህ መንገዱ አልተከፈተም። ግን ንባባችን ክሊቭላንድ ላይ ሲደርስ ከአጥሩ ማዶ አንድ አረንጓዴ ፒክአፕ መኪና መጥቶ ቆሟል። ዞራችሁ አትዩ። እናንተ ከኋላ ያላችሁ፣ አትዩ ተባለ እኮ። አንድ ሰውዬ ወርደው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ጎማ እያዩ ነው። ጎማው ምንም አልሆነም። ረቢ ዋይስፊሽ ጠጋ ብለው በጆሮዬ የነገሩኝ ሕግ ደግሞ ይህ ነው፤ ከአጥር ውጪ የቆመ ሰው ፊቱን ካሳየን ከአሥሩ ይቆጠራል፤ ጀርባ ግን አይቆጠርም።

መልካም። ጎማ ይታይ። እኛ እንቀጥል።

እንግዲህ ለቀስተኞች፣ በሙት ፊት እውነት መናገር ይገባል። ምናልባት አቶ ኢርቪን ልክ ነበሩ። ማን ያውቃል? የጫማ ነጋዴ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ነው፤ አፉ ምኑ ይታመናል? አቶ ዜሊግ ወሬ ይወዱ ነበር ይባላል። ለስታንሊ በስልክ ሁሉንም ዘርግፈው ይሆናል። ምናልባትም ተከፍሏቸው ይሆናል። የጓደኛቸውን ገመና በዓለም ፊት ሸጠው፣ እየሳቁ…

«ዝም በይ አንቺ አሮጊት!»

ይህ ከአጥሩ ማዶ ነው፤ ነፋሱ ለወሰደባችሁ ነው የምደግመው። ምን አልክ ኢርቪን?

«ዝም በይ አልኩ! ዜሊግ አፉ የተሰፋ ሰው ነበር! ዕድሜ ልኬን በእያንዳንዱ ጫማዬ ውስጥ ድብቅ ተረከዝ ሲሠራልኝ ለማን ተናገረ? ሚስቴ ሬጊና፣ ነፍሷን ይማርና፣ እኔ ከሷ እንደማጥር ሳታውቅ ነው የሞተችው! በሠርጌም፣ በልጄ ሠርግም፣ ዛሬም! አንድ ሰው ሰምቷል? አንድ ሰው?»

አይ፣ እግራቸውን አትዩ። ነውር ነው። እሺ፣ አያችሁ፣ ይበቃል።

ወይዘሮ ብሉማ «ለእኔም አልነገረኝም» ብለዋል። «አንድ አልጋ ላይ እየተኛን።»

ረቢ ዋይስፊሽ ጣታቸውን ቀስረው «ፊታቸው ወደዚህ ነው» ብለዋል። «አሥር።»

«አልገባም» ይላሉ አቶ ኢርቪን።

«መግባት አያስፈልግም» ይላሉ ረቢው፤ «ብቻ እንደዚያው ይቁሙ።»

ወይዘሮ ብሉማም ከመቃብሩ ራስጌ ሆነው፣ «ኢርቪን፣ እንዳልተናገረብህ ካወቅክ ታዲያ ለምን አልመጣህም?» ብለው ጠይቀዋል። መልሱ መጣ፤ ድምፃቸው ስላነሰ ለሁላችሁ ይነበብ። «ክሊቭላንድ ያለኝ ዕለት ማታውኑ ገብቶኛል። ግን እንደዚያ ብዬ ከወጣሁ በኋላ ምን ብዬ ልግባ?» ነው ያሉት።

የአቶ ዜሊግ ፕሎትኪን ዜና ሕይወት እዚህ ላይ ያበቃል። ከኋላቸው የቀሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ብሉማ፣ ማቀዝቀዣ እንጂ ወሬ ገጥሞ የማያውቀው ልጃቸው ስታንሊ፣ የልጅ ልጃቸው ናዲን፣ ይህን የምታነበው የአጎታቸው ልጅ፣ ባዶ እግራቸውን አቶ ዜሊግ እጅ ላይ አስቀምጠው ሚስጥራቸው ያልወጣባቸው የብራስ ክሪክ ሰዎች፣ እንዲሁም ከአጥሩ ማዶ በካልሲው ሲቆም የሚያጥር ወዳጃቸው ናቸው። የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ነፍሳቸውን ከሕያዋን ጋር በአንድ ቋጠሮ ይቋጥርልን፤ ማንም ማንንም ከማይጠረጥርበት ቦታ ያሳርፍልን፤ ለቀሩትም ልብ ይስጥ።

ስታንሊ፣ ጀምር ልጄ። ቶሎ በል፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።